የአልቪኔ የቀብር ጓንቶች

መንገድ እየሄዱ ሹራብ መሥራት ይቻላል ስላቸው የከተማ ሰዎች አያምኑኝም። እትዬ አልቪኔን ስላላዩ ነው። እኛ የባሕሩ ዳርቻ ሰዎች ግን እጇ ባዶ ሆኖ ስትሄድ አይተናት አናውቅም ነበር። የክሩን ጥቅል በግራ ብብቷ ሥር በምታንጠለጥላት ከረጢት ትከታለች፤ ቀጫጭኖቹን መርፌዎች በጣቶቿ መካከል ታሰልፋለች፤ ከዚያ ዐይኗን ባሕሩ ላይ ጣል አድርጋ መንገድ ትጀምራለች። እጇን አታየውም። ቪቶሊ ከሚባለው ቤቷ ተነሥታ የቬልታ ሱቅ እስክትደርስ የካልሲ ተረከዝ ታዞራለች። ዳቦዋን ስትቀበል መርፌዎቹን ሻሿ ውስጥ ትሰካና ስትወጣ መልሳ ትመዛቸዋለች።

"እትዬ አልቪኔ፣ አንድ ቀን ከላም ጋር ይጋጫሉ" ይላታል ጀልባ ጠጋኙ ዣኒስ።

"ላሟ ዐይን የላትም?" ትለዋለች ሳትቆም።

የምትወደው ነገር ብዙ አልነበረም፤ የምትወደውን ግን አጥብቃ ትወዳለች። ጠዋት ከሁሉ በፊት በሯን ከፍታ ደፉ ላይ ቆማ ነፋሱን ታዳምጣለች። ከዚያ ሬዲዮኗን ትከፍትና ለመርከበኞች የሚነገረውን የአየር ጠባይ ትሰማለች። የምትሰማውም ለመሟገት ነው። "ውሸታም፣ ከሰሜን እኮ ነው የሚነፍሰው፣ ወጣ በልና እየው" ትለዋለች ሰውዬውን። በጭስ የደረቀ ጠፍጣፋ ዓሣ ካገኘች አሮጌ ጋዜጣ ላይ ዘርግታ በእጇ ትበላለች፤ ቆዳውን እንደ ሕፃን ልጅ ለመጨረሻ ታቆየዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የእንፋሎት መታጠቢያው ውስጥ የምትገባው ሁላችንም ከወጣን በኋላ ነው። የጋለው ድንጋይ ቁጣ በርዶ ቀስ እያለ ሲያልባት ደስ ይላታል። ወጀብ ባለፈ ማግስት ደግሞ ባሕር የተፋውን እንጨት ልትለቅም አሸዋው ላይ ትዞራለች። እኔም አብሬያት እሄድ ነበር። ወሬ አናበዛም፤ እሷ ሹራቧን ትሠራለች፣ እኔ እንጨቱን እሸከማለሁ። ያቺን ዝምታ ዛሬ ከየት ላምጣት።

በኋላ በኋላ ዐይኗ ደከመ። ካልሲውንና ግራጫውን ጓንት በጣቷ ዳሰሳ ብቻ ትሠራዋለች። ባለቀለሙን፣ ፀሐይና ኮከብ፣ እባብም የሚወጣበትን ጌጥ ግን ተወችው።

"ቀዩና አረንጓዴው ተጋብተው አንድ ሥጋ ሆኑብኝ" አለችኝ እንደ ቀልድ አድርጋ። ያንን ጌጥ በኛ አገር በኩርዜሜ ዳርቻ ሁሉ እንደሷ የሚያወጣው አልነበረም።

ደግነቱ ሣጥኗ ሙሉ ነበር። እኛ ዘንድ ለሟች መሬት እንዲሁ አይከፈትም። መቃብር ለሚቆፍረው፣ ደወል ለሚደውለው፣ ሬሳ ለሚሸከመው ሁሉ የሟች ቤት የሱፍ ጓንት ይሰጣል። ቆፋሪው አካፋ ከማንሣቱ በፊት ይቀበልና መታጠቂያው ላይ ይሰካዋል፤ ያኔ ነው የሚጀምረው። ልጅ ያላት ልጇ ትሠራላታለች። እትዬ አልቪኔ ባሏ በጎልማሳነቱ ሞቶባት ልጅም አልነበራትም፤ ስለዚህ የራሷን ቀብር ጓንት ራሷ ሠራች። ዐይኗ ደህና ሳለ፣ ዓመት በዓመት፣ አንዱን ጥንድ ከሌላው ሳታመሳስል። በየጸደዩ ብል እንዳይበላቸው አውጥታ አጥሩ ላይ ታሰጣቸዋለች፤ እኛም እንደ ገበያተኛ ቆመን እናያለን።

"ፍሪጺስ፣ ያቺ እባብ ያለባት ያንተ ናት" ትለዋለች መቃብር ቆፋሪያችንን። ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው።

"ቀድመሽኝ ከሄድሽ አይደል?"

"አንተን ስንፍናህ መች ለሞት ያስነሣሃል።"

እንዲህ እየቀለደች እንኳ ነገሩ ቀልዷ አልነበረም። "ዘመድ አልባዋ በባዶ እጅ ተቀበረች መባልን ነው የምፈራው ኤርና" ትለኝ ነበር። "ሌላው ሌላው ግድ አይሰጠኝም።" የሣጥኑን ሁለተኛ ቁልፍ ለባለ ሱቋ ለቬልታ በአደራ የሰጠችው ለዚሁ ቀን ነው።

ያ ጸደይ ክፉ ጸደይ ነበር። በረዶው ባንድ ጊዜ ቀልጦ መንገዱ ገንፎ ሆነ፤ አውቶቡሱ ከዋናው መንገድ ወዲህ አልገባም አለ። ወጀቡ የስልኩን ሽቦ በጠሰው። ያኔ ስልክ ያለው ቬልታ ሱቅ ብቻ ነው፤ እሱም ዲዳ ሆነ።

አንድ ጠዋት ቬልታ መስኮቴን መታች። ሱቋን ሳትከፍት መምጣቷ ብቻውን አስደነገጠኝ።

"ኤርና፣ ልበሺና ነዪ" አለች። ከንፈሯ ደርቋል። "ቪቶሊ ደጅ ጥድ ተነጥፏል።"

ለሠርግ ሌላ ቅጠል አለን፣ ለበዓልም ሌላ። የጥድ ቅርንጫፍ ከቤት ደፍ እስከ አጥር በር ከተነጠፈ በላዩ የሚሄደው ሬሳ ብቻ ነው። ጫማዬን አዛውሬ አድርጌ ሮጥኩ።

እውነትም ተነጥፏል። ገና ትኩስ፣ ሙጫው ያልደረቀ፣ ከደፉ እስከ አጥሩ በር ወፍራም አድርገው ነው ያነጠፉት። በሩ ተቆልፏል። ጭስ የለም። ሬዲዮኑ ዝም ብሏል። ከአጥሩ ውጪ ጭቃው ላይ የመኪና ጎማ ዱካ ታትሟል።

"የወንድሟ ልጅ ነው፣ የሪጋው አይቫርስ" አለች ቬልታ። "ትናንት ማታ መጥቶ ነበር ማለት ነው። ሊያስገንዛት ወደ ከተማ ወስዷታል። ቀብር ቅዳሜ ነው፤ ለዚያ ይመልሳታል።"

"እኔ እኮ ትናንትና አይቻታለሁ" አልኩ። "ጉንጯ አብጦ ነበር። ጥርሴ ነው አለችኝ።"

"አየሽ።"

"በጥርስ ሰው ይሞታል እንዴ?"

"ሰው በምን አይሞትም ኤርና።"

እዚያው ጥዱ ዳር ቆመን አለቀስን። ጥዱን አልረገጥነውም፤ በሕይወት ያለ ሰው አይረግጠውም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም የሚያውቀውን ሥራ ያዘ። ቬልታ በመንገድ ካገኘችው ሰው ሁሉ ጋር ተማከረችና በጓሮው በር ገብታ ሣጥኑን ከፈተች። ጓንቶቹን ጠረጴዛው ላይ ስትደረድራቸው ቤቱ በቀለም ሞላ፤ እኔ ዐይኔን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ለደወል ደዋዩ ሰጠች። ለተሸካሚዎቹ፣ በጀልባዎቹ ላይ ለሚሠሩት ልጆች፣ ሰጠች። ለዣኒስ ኮከብ ያለባትን፣ ለፍሪጺስ እባብ ያለባትን። ፍሪጺስ መታጠቂያው ላይ ሰካትና ኮፍያውን ዐይኑ ድረስ ስቦ ወጣ። ደወሉ ተደወለ። እኔ ከቀብር መልስ ለሚበላው አተርና ባቄላ ጣድኩ።

ዐርብ ቀን እኩለ ቀን ላይ ለቆፋሪዎቹ ሾርባ ይዤ ወደ መቃብሩ ወጣሁ። መቃብራችን ከመንገዱ በላይ ያለው የአሸዋ ጉብታ ላይ ነው፣ ባሕሩ ከታች ይታያል። ፍሪጺስ እስከ ደረቱ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዣኒስ ላይ ሆኖ አፈሩን ያርቃል። የሁለቱም ጓንት መታጠቂያቸው ላይ ተሰክቷል። ሾርባውን ልቀዳ ጎንበስ እንዳልኩ ከታች መንገዱ ላይ ወተት ሰብሳቢው መኪና ቆመና ሰው አውርዶ ሄደ።

ዣኒስ ነው ቀድሞ ያየው። አካፋው ከእጁ አምልጦ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ።

"እግሬን! ምን ነካህ አንተ?" አለ ፍሪጺስ ከታች።

ዣኒስ ወደ መንገዱ በእጁ ጠቆመ። እኔም ቀና አልኩ።

እትዬ አልቪኔ ጉብታውን እየወጣች ነው። ሬሳ አፉ እንዳይከፈት አገጩ በነጭ ጨርቅ ተደግፎ አናቱ ላይ ይታሰራል፤ እሷም ልክ እንደዚያው ታስራለች። ነጩ ጨርቅ ከአገጯ ሥር ዞሮ አናቷ ላይ ተቋጥሯል። ፊቷ አመድ መስሏል። እጇ ግን ሹራብ ይሠራል። መርፌዎቹ ሲጋጩ ሰማኋቸው። ሾርባው ቀሚሴ ላይ ሲፈስ ትኩስነቱ አልተሰማኝም።

"እንደምን ዋላችሁ" አለች፣ በተዘጋ አፍ፣ ከጥርሷ መሃል።

ዣኒስ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ምነው? ማን ሞተ?"

ፍሪጺስ ከጉድጓዱ አንጋጦ አያት። "ከየት ነው የመጣሽው?" አለ። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነ።

"ከከተማ። በወተት መኪና።"

"በወተት መኪና" አለ ፍሪጺስ።

"ታዲያ በምን ልምጣ? አውቶቡስ የለ። ድዴን ሰንጥቀው የጥርሴን መግል አፍስሰውት ነው፣ አታናግረኝ፣ ያመኛል።" ከዚያ ዐይኗን አጥብባ ወደሱ አጎነበሰች። "ያ ወገብህ ላይ ያለው ምንድን ነው? ወዲህ በለው።"

ፍሪጺስ አቀበላት። አላየችውም፤ መርፌዎቿን ብብቷ ሥር ሸጉጣ በጣቶቿ ዳሰሰችው። ጣቶቿ በእባቡ ጌጥ ላይ ሄዱ፣ አውራ ጣቱ የሚጀምርበት ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ለማን ነው የምትቆፍሩት?"

"ጥዱን አይተን ነው" አለ ፍሪጺስ።

"ለማን ነው ያልኩህ።"

"ላንቺ።"

አፈሩ ቁልል ላይ ተቀመጠች። ዣኒስ ሊደግፋት ቢጠጋ በክርኗ ገፋችው። ለማንም ሳይሆን ለራሷ እንደምታወራ ሆና ተናገረች። "አይቫርስ ነው፣ ሐኪም ዘንድ የወሰደኝ። መኪናው ድረስ በጭቃው እንዳልንሸራተት ብሎ ጥዱን ከጓሮ ቆረጠና አነጠፈው። የከተማ ልጅ ምን ያውቃል። እኔስ ትኩሳቱ አናቴ ላይ ወጥቶ ምን እንደረገጥኩ የት አይቼ።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ኤርና፣ በጥድ ላይ በእግሬ ሄጄ ነው የወጣሁት?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

"ሣጥኔስ?"

"ቬልታ ከፈተችው" አልኩ። "አደራሽ ነው ብላ።"

"ሁሉንም ሰጠች?"

"ደወሉም ተደውሏል እትዬ።"

"ደወሉም" አለች።

ፍሪጺስ ከጉድጓዱ ሊወጣ ሲፍጨረጨር ዣኒስ ጎተተው። ሽማግሌው ጉልበቱን ሳያራግፍ "በይ ያዢው፣ ያንቺው ነው፣ ሌሎቹም ይመልሱልሻል" አላት። ጓንቱ ገና እጇ ላይ ነበር። እሷ ግን መልሳ መታጠቂያው ላይ ሰካችለት። የቀብር ጓንት የመለሰ ሰው፣ መልሶ የተቀበለም ሰው፣ ሞቱን ከነጓንቱ ቤቱ ያስገባል እንላለን።

"መሬቱ ተከፍቷል። ሥራው ተሠርቷል" አለች።

"ጉድጓዱንስ ምን ላድርገው? ክፍቱን ካደረ ሌላ ሰው ይጠራል።"

"ድፈነዋ።"

"ለመድፈንም ጓንት..." ብሎ ጀመረ ዣኒስ። ክፋት የለበትም፣ ወጉን ማስታወሱ ነው። መናገሩን ሳይጨርስ ግን ራሱ ደነገጠ።

እትዬ አልቪኔ ከብብቷ ሥር ያንን በመርፌ ላይ ያለውን ግራጫ ሹራብ አወጣች፤ መርፌዎቹን አንድ በአንድ መዝዛ ጫፉን ቋጠረችና ጫማው ላይ ወረወረችለት።

"አንድ እጅ ናት። አውራ ጣት የላትም። ላንተ ዓይነቱ ትበቃለች።"

ቁጭ ብላ እያየች ነው ያስደፈነችው። አፈሩ ሲወድቅ ይሰማል፣ ባሕሩም ይሰማል።

ቤቷ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሣጥኑ ክፍቱን ነበር፣ የብል መከላከያው ደረቅ ቅጠል ብቻ ከታች ቀርቷል። እጇን ከትታ ጥግ ጥጉን ዳሰሰችው።

"ሌላ ትሠሪያለሽ እትዬ" አልኳት።

"በየትኛው ዐይኔ?"

ይኸው ነበር ነገሩ። ሬሳዋን አልቀበርንም እንጂ ያን የፈራችውን ባዶ እጅ እኛው በገዛ እጃችን ሠራንላት። መንደሩ በየተራ እየመጣ በሯን አንኳኳ፤ ቬልታ ደፉ ላይ ተንበርክካ አለቀሰች። "አደራሽን ጠበቅሽ፣ ምን አጠፋሽ፣ ሂጂ ሱቅሽን ክፈቺ" አለቻት ከውስጥ፤ አልከፈተችላትም። አይቫርስም ከሪጋ መጥቶ የሆነውን ሰማ። ጥዱን ለቅሞ ሊያቃጥለው ቢነሣ ለዚያም ወግ እንዳለው ፈርቶ እኔን ሊጠይቀኝ መጣ፣ ምስኪን።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የዚያን ሰሞን ሱቅ ስትመጣ ያየሁት ነው። እጆቿ ሁለቱም ጎኗ ላይ ተንጠልጥለዋል። ከረጢት የለ፣ መርፌ የለ። የማላውቃት ሴት ነበር የመሰለችኝ። ዣኒስ እንኳ ስለ ላም አላነሣም።

መሬቱ ደርቆ ጀልባዎቹን ለባሕር በምናዘጋጅበት ጊዜ፣ እንደ ድሮው እንጨት እንልቀም ብዬ ጎትቼ አወጣኋት። በጀልባ ቤቱ በኩል ስናልፍ ዣኒስ የተገለበጠ ጀልባ ሬንጅ ይቀባል። ነፋሱ ገና ጥርስ አለው። እጁ ላይ ያደረገውን አይቼ ዞር ላደርጋት ስል እሷ ሽታውን ተከትላ አጠገቡ ደርሳለች።

"ምን ለብሰህ ነው?" አለችው።

ዣኒስ እጁን ጀርባው ኋላ ሸሸገ። ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት።

"የቀብር ጓንቴን ሬንጅ አስነካኸው?"

"ታዲያ እርስዎ ካልሞቱ ምን ላድርገው እትዬ?" አለ። "እጄ በረደኝ።"

በዚህ ቃል እዚያው በቆምኩበት እሞታለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን እጇን ዘረጋች፤ እሱም ከኋላው አውጥቶ ሰጣት። መዳፉን ይዛ ዳሰሰችው። ሬንጁን አገኘችው። ኮከቡን አገኘችው። መቅዘፊያ የበላውን ቀዳዳም አገኘችው፣ ጣቷም ሾልኮ የሱ መዳፍ ላይ ደረሰ።

"በስተኸዋል።"

"ሁሌ ነው የምለብሰው፣ ምን ላድርግ። ስለሚሞቅ ነው።"

ጣቷን ከቀዳዳው ሳታወጣ፣ "ይሞቃል?" አለችው።

"እንደ ምድጃ።"

"አታሞኘኝ።"

"እትዬ ይሙቱ! ሚስቴ ልትወስድብኝ ትጣላኛለች።"

ያኔ ነው ወደ ልቤ የገባው። ያን ሁሉ ዓመት ያሰጣቻቸው፣ ያጣጠፈቻቸው፣ ቅጠል የነሰነሰችባቸው ጓንቶች አንድም እጅ ገብቶባቸው አያውቅም ነበር። ይሙቁ አይሙቁ የነገራት ሰው የለም፤ እሷም አታውቅም።

ሬንጅ ያልነካው የጀልባው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ወደኔ ዞረች። "ኤርና፣ ቤት ሂጂና መርፌና ክር አምጪልኝ። ግራጫውን።" ሮጬ አመጣሁ። ጓንቱን ሳታስወልቀው፣ እጁን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀዳዳውን በግራጫ ክር ደፈነችለት። መመለስ ክልክል ነው እንጂ መጠገንን የከለከለ የለም። መርፌው ሲወጋው ዣኒስ ይጮሃል፣ እሷም "ሬሳ ብትሆን ዝም ትል ነበር" ትለዋለች።

ከዚያ በኋላ የማይመጣ አልነበረም። ደወል ደዋዩ ገመድ የበላውን ጓንት ይዞ መጣ። የጀልባዎቹ ልጆች የሚደብቁትን ሁሉ አወጡ። በጋው ሲደርስ የመንደሩ እጅ ሁሉ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ መሃል መሃሉ ግራጫ ነበር። እሷም ሱቁ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እየጠገነች ትሳደባለች።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ። አንድ ማለዳ ፍሪጺስ ጀልባውን ሊገፋ ሲል አሸዋው ላይ አገኘችው። እኔም አብሬያት ነበርኩ። እጁ ባዶ ነው፣ ቅዝቃዜው አንጓዎቹን አቅልቶታል።

"ያንተዋ የታለች?"

"መሳቢያ ውስጥ። በወረቀት ጠቅልያታለሁ።"

"ለምን?"

"ለቀኑ ነዋ" አለ፣ ዐይኑን ከሷ እያሸሸ። "አዲስ ሆኖ ይቆይ ብዬ። ቢያንስ አንዱ። ሰው ምን ይላል የምትዪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"ሰውማ ያለውን ብሎ ጨረሰ። አንተ ግን የኔን ሞት መሳቢያ ውስጥ ቆልፈህበት እንቅልፍ ይወስድሃል?"

"አይወስደኝም" አለ ፍሪጺስ። እውነቱን ነበር፤ ከዚያ ዐርብ ወዲህ ከስቷል።

"ሂድ አምጣት።"

ሄደ። ሲመለስ እባቧ እንደ ትናንት ሥራ ታበራለች። እያመነታ አጠለቃት፣ ልክ እሳት የሚነካ ይመስል። ከዚያ የጀልባውን አፍንጫ ይዞ ገፋ፤ ማዕበሉ እስከ ክርኑ መጣበት። ቀለሙ ውኃ ጠጥቶ ጠቆረ፤ የአጥማጅ ሱፍ እጅ ላይ ረጥቦ ሲቆይ ነው የሚሞቀው። እትዬ አልቪኔ አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ እያየች ቆመች፤ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ አላወቅኩም። ፍሪጺስ ዘልሎ ገባና ቀዘፋውን ያዘ።

"ይሞቃል?" ብላ ጮኸችበት።

አልዞረም። ጥቂት ከራቀ በኋላ ነው ድምፁ የመጣው።

"ጠብቂ እንጂ፣ ገና መርጠቡ ነው።"